ለሐኪም የማይነገረው መድኃኒት

ባልና ሚስት ስለ እርግዝና መከላከያ ለመመካከር ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ከሚቀርቡላቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «አሁን የምትወስዱት መድኃኒት አለ ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «የለም» ነው። ጥያቄው ተለውጦ «ለሆድ፣ ለምች፣ ለራስ ምታት ቤት ውስጥ የምትጠቀሙት ነገርስ?» ሲባል ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል። ዳማከሴ ተጨምቆ ተጠጥቷል። ባለፈው ሳምንት ኮሶ ተወስዷል። እኅት ከውጭ አገር የላከችው በጠርሙስ ያለ እንክብልም አለ። «እሱማ መድኃኒት መቼ ሆነና፣ ቅጠል አይደል እንዴ!» ይባላል።

በዚህ በለቡ መብራት ኃይል ሠፈር በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ጤና አዳም የተከለ ቤት ጥቂት አይደለም። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳስበው ሐኪሙ ሳያውቀው መቅረቱ ነው። ሰዎች የሚደብቁት አንዳንዱ እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥሩት፣ ሌላው ደግሞ ቁጣን ፈርተው ነው። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ገና የኮሶ ስም ሲጠራ ፊቱን የሚያጠቁር ባለሙያ አለ። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ባለሙያ ራሱን የሚጎዳው በሽተኛውን ከሚጎዳው ባልተናነሰ ነው፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ጊዜ የሚነግረው አይኖርም።

ለመሆኑ ሐኪሙ ስለ ባህል መድኃኒት ከየት ሊማር ይችላል? በአገራችን የዕፀዋት ዕውቀት በጽሑፍም ሆነ በቃል ሲወርድ የመጣ ነው። መጽሐፈ መድኃኒት የሚባሉት የብራና ጽሑፎች አሉ። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ዳዊት አበበና አሃዱ አየሁ በሰሜን ኢትዮጵያ ስላሉ የመድኃኒት ዕፀዋት ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። የዓለም መንግሥታትም በ1978 (እ.ኤ.አ.) አልማ አታ ላይ ባወጡት መግለጫ የባህል ሐኪሞች በመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ውስጥ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉት ጽሑፎች በአመዛኙ የሚነግሩን የትኛው ቅጠል ለየትኛው በሽታ እንደሚውል ነው። በክሊኒክ የሚያስፈልገን ሌላ ነው፤ ይኸውም ይህች እናት የምትወስደው ቅጠል ከምትውጠው ክኒን ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ከፋብሪካ የሚወጣ መድኃኒት በሳጥኑ ውስጥ ስለዚህ የሚናገር ወረቀት አለው፤ የዳማከሴ ጭማቂ የለውም።

ስሙም ያስቸግራል። ኮሶ በኦሮምኛ ሄጦ ነው፤ እንዶድ በኦሮምኛ ሃንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ ይባላል። በሌላ በኩል እሬት ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ተክሎች ብዙ ዓይነት ናቸው። በከተማ ተፈጭቶ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ሲሆን ደግሞ ጭርሱን ምን እንደሆነ ሻጩ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከሁሉ ይልቅ ኮሶን በዝርዝር እንመልከት፤ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትልም ከኮሶ መጠጣትም ጋር አብሮ ኖሯልና። የሚጠጣው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ያስቀምጣል፤ ብዙዎችንም ያስመልሳል። እንግዲህ የእርግዝና መከላከያ ክኒኗን ጠዋት የመዋጥ ልማድ ያላት እናት ክኒኑን በዋጠች በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካስመለሳት፣ ያ ክኒን እንዳልተዋጠ ይቆጠራል። ስለሆነም ወዲያውኑ ሌላ ክኒን ከማሸጊያው ወስዳ መዋጥ አለባት። ማስመለሱ ወይም ተቅማጡ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ ክኒኗን እንደረሳች ሴት ትቆጠራለች፤ ወደ ክሊኒክ መጥታ እስክትመካከር ድረስ ባልና ሚስቱ ኮንዶም ይጠቀሙ። «ክኒኑን አንድ ቀን አላቋረጥኩም፣ እንዴት አረገዝኩ?» ብላ የመጣች እናት ነበረች። በወሩ ውስጥ ኮሶ ጠጥታ ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ እንዳስመለሳት የተናገረው ባልየው ነው፤ እሷ ነገሩን ከክኒኑ ጋር አላያያዘችውም። በመርፌ፣ በክንድ በሚቀበረው ወይም በሉፕ ለምትጠቀም ግን ማስመለሱ መከላከያውን አይነካም። ኮሶ ከልክ ካለፈ የዓይን ብርሃን ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም ፈጽሞ አይሰጥም። ለኮሶ ትል በጤና ተቋም የሚሰጥ፣ መጠኑ የታወቀ ክኒን ስላለ እኔ የምመክረው እሱን ነው።

ከውጭ አገር የሚላኩት ጠርሙሶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። «ከተፈጥሮ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ስላለባቸው ብዙ ሰው ያምናቸዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለጭንቀትና ለድብርት የሚወሰድ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ተክል አለ። ይህ ተክል ጉበት በክኒኑና በክንድ በሚቀበረው መከላከያ ውስጥ ያለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሴትዮዋ አንድ ቀን ሳትረሳ እየዋጠች መከላከያው ይዳከማል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝና የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ስለዚህ ተክል ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መጋጨት ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፤ ጽሑፉን አብረን እናነበዋለን።

እርግዝናን በተመለከተ ሁለት ተክሎችን ላንሳ። ጤና አዳም በብዛት ተፈልቶ ሲጠጣ ማኅፀንን ያኮማትራል፤ እናቲቱንም ሊመርዝ ይችላል። ነፍሰ ጡር እናት በቡና ውስጥ የሚገባውንም ቢሆን እስክትወልድ ብትተወው ይሻላል። እንዶድ ደግሞ የአገራችን ኩራት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ሊገድል እንደሚችል አስረዱ፤ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የገደለው ያው አረፋ ለሰውም መርዝ ነው። ያልተፈለገ እርግዝና ለማስወረድ እንዶድ የሚጠጡ እኅቶች አሉ፤ አጥብቆ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ይገድላልም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት ስትመጣ «ምግብ ነው የተመረዝኩት» ካለች ሐኪሙ ሌላ ነገር ሲፈልግ ሰዓቱ ያልፋል። የጠየቅናት ልንፈርድባት ሳይሆን ልናድናት ነው። አብሯት የመጣው ባል ካወቀ እሱ ይናገር።

አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥና በሻይ መጠን የሚያሳስቡ አይደሉም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አብሽን በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ከሆነ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ስለሚችል ለሐኪሙ መናገር አለበት።

በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ባለፈው አንድ ወር የጠጣችሁትን፣ የተቀባችሁትን፣ የታጠናችሁትን ሁሉ አስታውሱ። ቅጠል ይሁን ሥር ወይም ፍሬ፣ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ በስኒ ወይስ በብርጭቆ ስንት ጊዜ እንደተወሰደ፣ ከማን እንደተገዛ ለይታችሁ ንገሩን። ስሙን የማታውቁት ከሆነ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ፣ ካለውም ከነአበባው በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡልን። ዱቄት ከሆነ እንዳለ ከነመያዣው ይምጣ።