መብራት ሲጠፋ የማይበላሽ ፋይል፦ «ሲጻፍ መቅዳት» እንዴት ይሠራል?

አንድ ፋይል በዲስክ ላይ በመጻፍ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ጥያቄው የነዳጅ ማጣሪያ በሚገኝባት በዓደኗ ብሬቃም ሆነ በአዲስ አበባ ኮምፒውተር የሚጠቀምን ሁሉ ይመለከታል። አዲሱ ጽሑፍ በነባሩ ላይ የሚሰፍር ከሆነ፣ ሥራው በመካከል ሲቋረጥ ፋይሉ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ለዚህ ሥጋት ከተቀየሱት መፍትሔዎች አንዱ በዓረብኛ «አን-ነስኽ ዒንደል ኪታባ» ይባላል፤ በአማርኛ «ሲጻፍ መቅዳት» ልንለው እንችላለን። ሳን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ዜድ ኤፍ ኤስ እና እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሊኑክስ የገባው ቢ ቲ አር ኤፍ ኤስ የተባሉት የፋይል ሥርዓቶች በዚህ መርህ ይሠራሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መረጃው በገጾች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ገጾቹም እንደ ዛፍ ቅርንጫፎች ከአንድ ሥር ጋር ይያያዛሉ። አንድ ገጽ ሲለወጥ ነባሩ አይነካም፤ ለውጡ ባዶ ሥፍራ ላይ በሚዘጋጅ ቅጂ ይጻፋል። ወደ ገጹ የሚያመለክቱት የበላይ ገጾችም በተራቸው ይቀዳሉ። ሁሉም በዲስኩ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ሥሩ በአንድ እርምጃ ወደ አዲሱ ይዞራል። መብራት ከዚህ እርምጃ በፊት ቢጠፋ ያልተጠናቀቀው ለውጥ ይቀራል እንጂ ነባሩ መረጃ አይፈርስም።

ይኸው መርህ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩም ይጠቅማል። የሒሳብ ሠራተኛው መዝገቡን እያረመ ሳለ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ቀደም ሲል ከተወሰደው ስናፕሾት፣ ማለትም ከአሮጌው ሥር፣ ሳይረበሽ ያነባል። ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ገጽ ሊለውጡ ሲመጡ ግን ቅጂ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ቁልፉን ሲይዝ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። አሮጌው ገጽም የሚፈልገው አንድም ተጠቃሚ ሲኖር አይለቀቅም፤ ያለጊዜው ቢለቀቅ አንባቢው የሌላ ሰው መረጃ ሊያገኝ ይችላል።

የተራ አጠባበቅ ጉድለት ምን ያህል እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው «ደርቲ ካው» አሳይቷል። ጉድለቱ የነበረው በፋይል ሥርዓት ሳይሆን በሊኑክስ የማስታወሻ አያያዝ ውስጥ ነው፤ መርሁ ግን አንድ ነው። አንድ ፕሮግራም እንዲያነበው እንጂ እንዲጽፍበት ባልተፈቀደለት ፋይል ላይ የሚያደርገው ለውጥ በግል ቅጂ ላይ ማረፍ ነበረበት። ቅጂው ተዘጋጅቶ ጽሑፉ ከመስፈሩ በፊት ባለችው ቅጽበት የዚያው ፕሮግራም ሌላ ክፍል ቅጂውን ካስጣለ ግን ጽሑፉ በዋናው ፋይል ላይ ያርፍ ነበር። በዚህ ቀዳዳ ተራ ተጠቃሚ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ጉድለቱ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የቆየ ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረቱትን የአንድሮይድ ስልኮችም ነክቷል።

ዘዴው ዋጋም አለው። ለውጡ ሁልጊዜ በአዲስ ሥፍራ ስለሚጻፍ ፋይሉ በዲስኩ ላይ ይበታተናል፤ አዘውትረው የሚለወጡ የመረጃ ቋቶችም ሊዘገዩ ይችላሉ። ስናፕሾትም በዚያው ዲስክ ላይ የሚኖር በመሆኑ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም የሥርዓት ማሻሻያዎችን በወቅቱ መጫንና አስፈላጊ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ላይ ማኖር አሁንም ግድ ነው።