መድረክ፥ መቅደስና ጎጆ

በዩኒቨርስቲ አብራኝ የተማረች አንዲት ወዳጄ ቀን ቀን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቴአትር ትጫወታለች፤ እሑድ ጧት ከቅዳሴ አትቀርም። ሠርጓም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቈርጧል። ይህን ሁሉ በአንድነት ይዛ ስትኖር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያስቸገራት ነገር አልነበረም። ባለፈው ወር ግን ባሏን ጥላ ከሌላ ሰው ጋር የምትኰበልል ሴት ሆና እንድትጫወት ዋናው ቦታ ተሰጣትና ቤቱ ታወከ።

እናቷ ለቡና ጠሩኝና ገና አቦሉ ሳይቀዳ፥

«ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ፍረድ» አሉኝ። «እኔ ያሳደግኋት በጾምና በጸሎት ነው። አሁን በሰው ሁሉ ፊት ባሏን የምትከዳ ሴት ሆና ብትታይ ንስሐ አባቷ ምን ይሏታል? የአማቾቿስ ዘመዶች?»

«እማማ፥ ጨዋታ እኮ ነው» አልኋቸው።

«ጨዋታ ከሆነማ ለምን ታለቅሳለች? ባለፈው ሄጄ ሳያት ዕንባዋ የእውነት ነበር» ብለው መለሱልኝ።

ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ወዳጄ ሲኒውን እያጠበች ዝም ብላ ታዳምጣለች። እጮኛዋም እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ «እኔ ምን አገባኝ፥ የወደደችውን ታድርግ» አለ። የተናገረበት ድምፅ ግን የፈቃድ ድምፅ አልነበረም። እኔም ቡናውን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁና በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት ያለፉ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ለማወቅ መጻሕፍት አገላበጥሁ።

በመጀመሪያ ያስተዋልሁት የእኒያ እናት ጥያቄ እጅግ ያረጀ መሆኑን ነው። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የቴአትር ተጫዋች የሆነ ሰው ክርስትና ሊነሣ ቢፈልግ አስቀድሞ ሥራውን እንዲተው ይጠየቅ ነበር። እኛ ሁላችን ስሙን የምናውቀው ዮሐንስ አፈወርቅም በ399 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የቍስጥንጥንያ ምእመናን በሰሞነ ሕማማት እንኳ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው ወደ ፈረስ እሽቅድምድምና ወደ ቴአትር በመጉረፋቸው እጅግ አዝኖ በብርቱ ገሥጿቸዋል። ከዚያም ከብዙ ዘመን በኋላ ሞልየር የተባለው የፈረንሣይ ቴአትር ደራሲና ተጫዋች በ1673 ዓ.ም. ሲሞት፥ ሙያው የቴአትር ተጫዋችነት ስለ ነበረ ብቻ በክርስቲያን መቃብር እንዳይቀበር ተከለከለ። ሚስቱ ለንጉሡ ለሉዊ ዐሥራ አራተኛ አቤት ብላ በስንት ልመና በሌሊት ተቀበረ።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የአማርኛ ቴአትር አባቶች ከሚባሉት አንዱ የሆኑት ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም፥ የደብረ ኤልያስ ሰውና የቅኔ ሊቅ ነበሩ። የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» የተባለው ቴአትርም ታሪኩን የወሰደው ከመጽሐፈ ሳሙኤል ነው። እንግዲህ ቴአትራችን ከቤተ ክህነት ትምህርት ብዙ የወረሰ ነው ማለት ይቻላል። ይህም ሆኖ በመድረክ የሚቆመው ሰው ክብር አላገኘም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን እንደ ስድብ ይቈጠር ነበር። በቴአትራችን መጀመሪያ ዘመን የሴትን ቦታ ይዘው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እነ አስናቀች ወርቁ ከሴቶች ቀድመው ወደ መድረክ ሲወጡ የሰውን አፍ ሁሉ ታግሠው ነው። ስለዚህ የወዳጄ እናት ፍርሀት ካለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሃይማኖቱንም፥ ትዳሩንም፥ መድረኩንም ሳይለቅ የኖረ ሰው አለን? ብዬ ስጠይቅ በመጀመሪያ ትዝ ያሉኝ አሜሪካዊው ዴንዘል ዋሽንግተን ናቸው። ሚስተር ዋሽንግተን በ1954 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አጠገብ በማውንት ቨርነን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጰንጠቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ፤ እናታቸው የሴቶች ጠጕር መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው አባትና እናት ተፋቱ። በ1975 ዓ.ም. ተማሪው ዴንዘል በትምህርቱ ደክሞ ከእናቱ ሱቅ ተቀምጦ ሳለ፥ ጠጕሯን የምትሠራ አንዲት ሴት በመስተዋት አተኵራ አየችውና ወረቀትና ብዕር አስመጥታ፥ ዓለምን እንደሚዞርና ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ እንደሚናገር ጻፈችለት። ይህን ታሪክ ሚስተር ዋሽንግተን ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። ትንቢት ነው ወይስ መልካም ምኞት? አንባቢ እንደ እምነቱ ይፍረድ። ተማሪው ግን ወደ ፎርድሃም ዩኒቨርስቲ ተመልሶ በ1977 ዓ.ም. ተመረቀ።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ። ሚስተር ዋሽንግተን በ2002 ዓ.ም. የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ተብለው የኦስካር ሽልማት ያገኙት በአንድ ክፉ ሰው ቦታ ተጫውተው ነው። በ2001 ዓ.ም. በወጣው «ትሬኒንግ ዴይ» በተባለው ፊልም ጉቦ የሚበላ፥ የሚዋሽና የሚገድል የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሆነው ታዩ። አማኝ ሰው ይህን እንዴት ሊጫወት ቻለ? ቢባል፥ የፊልሙን ጽሑፍ ሲቀበሉ በላዩ ላይ የጻፉት ቃል መልሱን ይሰጣል፤ ይኸውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ ኃጢአት ደመወዝ የጻፈው ነው። ሰውየው እንደዚያ በክፋት የሚኖር ከሆነ አሟሟቱም ክፉ ሆኖ በተመልካች ፊት መታየት አለበት ብለውም አጥብቀው አሳሰቡ። እንግዲህ እርሳቸው ክፋትን በመድረክ ከማሳየት አልሸሹም፤ ነገር ግን የክፋትን ዋጋ ሳያሳዩ ለማለፍ አልፈቀዱም። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የድሀውን በግ ምሳሌ ሲነግረው ክፋቱን ሳይሸፍን እንደ ነገረው ማለት ነው።

በቤታቸውስ በኩል? ከወይዘሮ ፖሌታ ጋር በ1983 ዓ.ም. ተጋብተው አራት ልጆች ወለዱ። በ1995 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በሊቀ ጳጳስ ዴስሞንድ ቱቱ ፊት የጋብቻ ቃላቸውን አድሰዋል። ከልጆቻቸው አንዱ፥ ጆን ዴቪድ፥ የታወቀ ተዋናይ ሆኗል፤ ማልኮም ደግሞ በ2024 ዓ.ም. «ዘ ፒያኖ ሌሰን» የተባለውን ፊልም አዘጋጅቷል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አባታቸው 70 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ሳምንት ሲቀራቸው በሃርለም በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው የሰባኪነት ፈቃድ ተቀበሉ።

ይህን ያነበበ ሁሉ «እንዴት ያለ የተደላደለ ሕይወት!» ይል ይሆናል። እኔም እንዲሁ ልል ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ፖሌታ ማን ነበሩ? ብዬ ብጠይቅ፥ ጁልያርድ በተባለው ስመ ጥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ፒያኖ ተጫዋችና ተዋናይ ሆነው አገኘኋቸው። ሁለቱ የተዋወቁትም በ1977 ዓ.ም. በአንድ ፊልም ሥራ ላይ ነው። ባልየው ፊልም ለመሥራት በየአገሩ ሲዞሩ ልጆቹን ይዘው ቤቱን ያቆሙት እርሳቸው ናቸው። ሚስተር ዋሽንግተንም ይህን አይሸሽጉም፤ ልጆቹን በማሳደግ ምስጋናው የሚስቴ ነው ብለው በብዙ ቦታ ተናግረዋል። የባልየው ሚዛን የቆመው ሚስቲቱ ከገዛ ሙያቸው ቀንሰው በሌላው ወገን ስለ ጨመሩበት ነው።

ሌላዋ ሴት ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። ዶሎሬስ ሃርት በ1957 ዓ.ም. ከኤልቪስ ፕሬስሊ ጋር በመጫወት ስማቸው የወጣ፥ በ1961 ዓ.ም. ስለ አሲዚው ፍራንቸስኮስ በተሠራው ፊልም የቅድስት ክላራን ቦታ ይዘው የተጫወቱ አሜሪካዊት ናቸው። በ1963 ዓ.ም. በ24 ዓመታቸው ሲኒማውንም፥ ቀለበት ያሰረላቸውንም ሰው ትተው በኮኔቲከት ግዛት ወደሚገኘው ሬጂና ላውዲስ ወደተባለው ገዳም ገቡና መነኰሱ። እጮኛቸው ሌላ ሴት ሳያገባ እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ፥ ወደ ገዳሙ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። የሚያስደንቀው ግን ቴአትር ወዳድነታቸው በገዳሙ በር አለመቅረቱ ነው። በኋላ በገዳሙ ቅጥር ግቢ የበጋ ቴአትር የሚታይበት መድረክ እንዲቆም እማሆይ ረድተዋል።

አንዱ ቀሩ፤ ሌላዋ ሄዱ። ሁለቱም በእምነታቸው የሚከበሩ ናቸው። ስለዚህ ክርስቲያን ተዋናይ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም? በሚለው ክርክር ጊዜያችንን ባናጠፋ ይሻላል። በበኩሌ ከሁለቱ የተማርሁት ሌላ ነው። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ስሙ በፊልም ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ዋጋውን የከፈለውም እርሱ ነው። በአንዱ ቤት ሚስት፥ በሌላው እጮኛ። ይህም የተዋንያን ነገር ብቻ አይደለም። እኛ ወጣት ሠራተኞች «ሥራዬንም ቤቴንም አስተካክዬ ይዣለሁ» ብለን ስንመካ፥ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በቢሮ ስንቆይ፥ ለመስክ ሥራ ወር ሙሉ ክፍለ ሀገር ስንሰነብት፥ እራቱን የሚያቈየው፥ የታመመ ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት የሚሰለፈው ማን ነው? የተስተካከለልን መስሎን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ጭነነው እንዳይሆን እንመርምር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሎሚውን ለመካፈል ግን አስቀድሞ ቍጥሩን መነጋገር ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ወዳጄ ቤት ተመልሼ ይህንኑ ነገርኋቸው። ወዳጄም የቴአትሩን ጽሑፍ አውጥታ ለእናቷና ለእጮኛዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታነብላቸው ጀመር። እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ያዳምጣሉ። በመካከሉ አስቆሟትና፥

«የሴትዮዋ መጨረሻ ምንድን ነው?» አሏት።

የመጨረሻውን ክፍል አነበበችላቸው። ሴትዮዋ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ በገዛ ልጇ ደጅ ትቆማለች፤ ልጇም አያውቃትም። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «ይህንስ ብዙ ሰው ቢያየው ይጠቅማል፤ ለንስሐ አባትሽ ግን አንቺው ሄደሽ ንገሪያቸው፥ ከሰው አይስሙ» አሏት። ቀጥለውም ወደ አማቻቸው ዞሩና፥

«እሷ ማታ ማታ መድረክ ላይ ስትሆን እራቱን ማን ይሠራል?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ ሣቀ፤ ቀጥሎም ሣቁን አቁሞ ማሰብ ጀመረ። ጥያቄው ከሠርጉ በፊት በመነሣቱ እኔ ደስ አለኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ «ምን አገባኝ» ሲል የነበረው ሰው አሁን የልምምዱን ቀኖች እየጠየቃት በወረቀት ይጽፍ ነበር።