ያውቁ ኖሯል? ሌብነትም አስተማሪ ይፈልጋል

አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪኩን የሚያወጋው ለረጅም ዘመን በሌብነት የኖረ ሰው ነው። ነባሮቹ ካላሠለጠኑትና «ከእኛ ነው» ካላሉት ማንም ባለሙያ ሌባ አይሆንም ይላል። ኪስ አውላቂዎች በቡድን ይሠራሉ፤ አንዱ ሰውየውን ተጋፍቶ ያዘናጋል፣ ሌላው ቦርሳውን መዞ ወዲያው ለጓደኛው ያቀብላል። ከእጅ ቅልጥፍናው ጋር ሰበቡም አብሮ ይወረሳል፦ «እሱ እንደሆነ ሀብታም ነው፣ አይጎዳም!» ይህ ሰበብ ከቅልጥፍናው የባሰ ይመስለኛል።

ሰዘርላንድ ጉዳዩን ለድሃ ሰፈር ብቻ አልተዉትም። በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ መጽሐፍ 70 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መርምረው፣ ከረባት ያሰረውም ሰው ማጭበርበርን ከባልደረቦቹ እንደሚማር ጻፉ። የኩባንያዎቹ ስም ግን ከመጽሐፉ እንዲወጣ ተደረገ፤ ስማቸውን የያዘው ሙሉ ቅጂ የታተመው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው።