የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ይገባዋልን?

አንባቢ ሆይ፤ የምትኖረው ከወር እስከ ወር በማትደርስ ደመወዝ ከሆነ፣ የአንድ ታላቅ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የሚከፈለውን ስትሰማ መቅናትህ አይቀርም። ገና ተማሪ ከሆንህ ደግሞ «እኔም አንድ ቀን» ብለህ ትመኛለህ። ነገር ግን ቅናትም ምኞትም ለፍርድ አይበጁምና ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው።

በመጀመሪያ የራሳችንን እንይ። በ2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ትንሹ የወር ደመወዝ 6,000 ብር፣ ትልቁ 39,000 ብር ሆኗል። ላይኛው ከታችኛው 6 እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። በአሜሪካ የታላላቅ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስኪያጆች ገቢ እ.ኤ.አ. በ1965 ከአንድ ሠራተኛ ገቢ 21 እጥፍ ያህል ነበር፤ በ2023 ግን 290 እጥፍ ያህል መድረሱን አጥኚዎች አስልተዋል። የዛሬው ሥራ አስኪያጅ ከአያቱ ዘመን ሥራ አስኪያጅ ይልቅ ይህን ያህል ብልህ ሆኗልን?

ተሟጋቹም የሚለው አለው። የአለቃ ስሕተት የሺህ ቤተ ሰብ እንጀራ ይዘጋል፤ ብልህ ሰውም ካልተከፈለው ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ ሐሰት አይደለም። የስዊስ ሕዝብ በየካቲት 2005 ዓ.ም. የአለቆችን ክፍያ ባለአክሲዮኖች በድምፅ እንዲወስኑ ፈቀደ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ግን የአለቃው ክፍያ ከትንሹ ደመወዝ 12 እጥፍ እንዳይበልጥ ሲጠየቅ፣ ከመቶው 65 የሚሆነው እንቢ አለ። ብዛቱን ሳይገድብ፣ ወሳኙን ግን ለየ።

እኔ መለኪያውን ያገኘሁት ከጋይንት አውድማ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የእኩል እርሻ የታወቀ ነው፤ አንዱ መሬቱን፣ ሌላው በሬውንና ጉልበቱን ያቀርባል፤ እህሉም በሁለቱ ፊት ይሰፈራል። በልጅነቴ በረዶ ገብሱን በመታበት ዓመት ባለመሬቱና አባቴ ሲካፈሉ አይቻለሁ። ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ቁና ብቻ ደረሳቸው። ባለመሬቱ ግን «ድርሻዬ እንደ አምናው ይሁን» አላለም።

የእስቴው ተወላጅ የክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ ደግሞ ከዚህም አልፈው ሄዱ። በፎገራ በመሠረቱት በአውራ አምባ ማኅበር፣ ሸማኔውም ሆነ በወፍጮ ቤት የሚሠራው የዓመቱን ትርፍ እኩል ይካፈላል። ኩባንያ ሁሉ አውራ አምባን ይምሰል አልልህም፤ ብዙ ያፈራ ብዙ ቢያገኝ ነውር የለበትም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ስትሰማ «ስንት ነው?» ብለህ ብቻ አትለፍ። ማን ቈረጠለት? በማን ፊት ተሰፈረ? ኩባንያው በከሰረበት ዓመትስ የእርሱ ድርሻ አብሮ ጎደለ ወይ? ብለህ ጠይቅ። ለነዚህ መልስ ያለው ሰው ደመወዙ ቢበዛም ይገባዋል። በረዶው ለሠራተኛው፣ ምርቱ ለራሱ ብቻ ከሆነ ግን፣ የጋይንት አራሽ እንኳ እንዲህ ካለው ሰው ጋር የእኩል አይገባም።

ይህንም ጥያቄ አትርሳው፤ አንተም ነገ ከዚያ ወንበር ላይ ትቀመጥ ይሆናልና።