የጓዳው ጸሎት

የተቀደሰ ቦታ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በጋሞ እንደ ጥንታዊቷ ብርብር ማርያም ያለ። ይሁንና በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ ለጸሎት የመረጠልን በሩ የተዘጋ ጓዳ ነው። በደርግ ዘመን በደቡብ ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ ምእመኑ የጸለየው በየመኖሪያ ቤቱ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ለብቻም ሆነ ከሌሎች ጋር ማምለክን መብት አድርጓል። እንግዲህ ዛሬ ጓዳችንን የነጠቀን መንግሥት ሳይሆን ቴሌቪዥኑና ሞባይሉ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብስ ጓዳ ከየት ይመጣል? ለኦርቶዶክሱ ሥዕል የተሰቀለበት የምሥራቅ ጥግ፣ ለወንጌላዊው ጎረቤት ሳይነሳ የሚጀመር የጽሞና ጊዜ ይበቃል። ቤተሰቡ ያንን ጥግና ያችን ሰዓት ካከበረለት ጓዳው ተገኘ ማለት ነው።