ቀላል ሃርድቴይል፦ ለረጅም የፒስታ ጉዞ ከየት ይቀነስ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 በካሊፎርኒያ፣ ማሪን አውራጃ የሚኖሩ ወጣቶች ከፌርፋክስ ከተማ በላይ ካለ ተራራ በአሮጌ ሳይክል ቁልቁል መሽቀዳደም ጀመሩ። ሪፓክ የሚባለው መንገድ ርዝመቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ቁልቁለቱ ግን 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የሚነዷቸው ብስክሌቶች ለጋዜጣ አዳዮችና ለልጆች የተሠሩ የድሮ ሽዊኖች ነበሩ። ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በላይ፣ ፍሬናቸው ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ነው። ታች ሲደርሱ የፍሬኑ ግራሶ ተቃጥሎ ስለሚጨስ ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ይሞላሉ። ሽቅቡንማ ማን ይነዳዋል? ብዙ ጊዜ በፒክአፕ ጭነው ነበር የሚወጡት።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ ራሱ የበየደው ብስክሌት 17 ኪሎ ገደማ መዘነ። ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚመጥ ነገር አልነበረውም። በ1989 ሮክሾክስ የተባለው ኩባንያ የፊት ሾክ ለገበያ ሲያቀርብ ዛሬ ሃርድቴይል የሚባለው ዓይነት መልክ ያዘ፤ ከፊት የሚለጠጥ፣ ከኋላ ደረቅ። በአሁኑ ጊዜ ለውድድር የሚሠሩት የካርቦን ሃርድቴይሎች ከአሥር ኪሎ በታች ይመዝናሉ። ከየመደብሩ የሚገዛው መካከለኛ ዋጋ ያለው የአሉሚኒየም ብስክሌት ደግሞ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ይደርሳል።

ለረጅም ጉዞ ሃርድቴይልን የሚመርጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ክብደት ያወራሉ፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ቦታ ነው። የኋላ ሾክ የሌለው ብስክሌት የሚላላ ቡሎን፣ አቧራ የሚበላው ኩሽኔታ፣ ዘይት የሚያፈስ ሁለተኛ ሾክ የለውም። ከከተማ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በፍሬሙ መሐል ያለው ሦስት ማዕዘን ባዶ ስለሆነም ውሃና ከባድ ዕቃ በሻንጣ ይገባበታል። ሁለት ሾክ ባላቸው ብስክሌቶች ላይ ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ ሾኩ ይይዘዋል። ከካናዳዋ ባንፍ ተነስቶ በኒው ሜክሲኮ ድንበር አንቴሎፕ ዌልስ ላይ በሚያልቀው፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የቱር ዲቫይድ ጉዞ ላይ ሃርድቴይል የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ ተጓዡ ውሃውንም ምግቡንም መኝታውንም ራሱ ይሸከማል።

ታዲያ ክብደት ምን ያህል ዋጋ አለው? ለዚህ የኮሎራዶዋ ሌድቪል ጥሩ መለኪያ ናት። ከተማዋ የማዕድን ከተማ ነበረች። ክላይማክስ የተባለው የሞሊብዴነም ማዕድን ማውጫ በ1982 ሲዘጋ ሕዝቡ ሥራ አጣ፤ ኬን ክሉበር የተባለ የማዕድን ሠራተኛ ከተማዋን እንግዳ እንዲያይላት ብሎ መጀመሪያ የ100 ማይል የሩጫ ውድድር አስጀመረ፤ በ1994 የብስክሌቱ ተጨመረ። ሌድቪል የተቀመጠችው 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ አናት ብዙም አይርቅም። ውድድሩ ከዚያ ተነስቶ ኮለምባይን የተባለው አሮጌ ማዕድን ድረስ፣ ወደ 3,800 ሜትር ይወጣና ይመለሳል። መንገዱ አብዛኛው ፒስታና የጂፕ መንገድ ነው። ርቀቱ ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሽቅቡ ሲደመር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የተፈቀደው ጊዜ 12 ሰዓት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ሁለት ኪሎ ተጨማሪ ክብደትን 3,000 ሜትር ሽቅብ ለማድረስ 59 ሺህ ጁል ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። በ150 ዋት የሚነዳ፣ ማለትም ደህና የሠለጠነ ተራ ሰው፣ ይህን ለማውጣት ስድስት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ለአሸናፊው ስድስት ደቂቃ ብዙ ነው። በ11ኛው ሰዓት ላይ ለሚገባው ግን አንድ ጊዜ ውሃ ለመቅዳት ቆሞ ከሚያጠፋው ጊዜ ያን ያህል አይበልጥም። ያም ሆኖ ሁለቱን ኪሎ ለመቀነስ የሚወጣው ገንዘብ አንዳንዴ የሌላ ሳይክል ዋጋ ያህላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ጎማ ላይ ነው። የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይቆጠራል ሲባል ይሰማል፤ እውነቱ ግን ይህ የሚሠራው ፍጥነት ሲጨመር ብቻ ነው። በአንድ ፍጥነት ዳገት ለሚወጣ ሰው ጎማ ላይ ያለ ግራምና ኮርቻ ላይ ያለ ግራም አንድ ናቸው። የጎማ ትልቁ ትርፍ ሌላ ነው፤ ጥሩ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ መጥፎው ይነጥራል፤ እያንዳንዱ ንጥረት የተበላ ጉልበት ነው። 29 ኢንች ቸርኬ ላይ ከ2.25 እስከ 2.4 ኢንች ስፋት ያለው፣ ካላማዳሪ ወጥቶ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራ ጎማ ለፒስታ የሚመረጠው ለዚህ ነው። የ29 ኢንች ካላማዳሪ አንዱ 200 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ፈሳሹ ከተጨመረ በኋላ እንኳ ክብደት ይቀንሳል። ከዚያ የሚበልጠው ግን እሾህ የበሳውን ፈሳሹ ራሱ መድፈኑና አየሩን ዝቅ አድርጎ መንዳት መቻሉ ነው። ኋላው ደረቅ በሆነ ብስክሌት ላይ የተቀመጠን ሰው ወገብ የሚያድነው የመጀመሪያው ነገር ይኸው የጎማ አየር ነው።

ቀጥሎ የፊት ሾክ። ርካሽ ሃርድቴይሎች የብረት ሞላ ያለው ሾክ ይዘው ይመጣሉ፤ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ያልፋል፤ ለ60 ኪሎውም ለ95 ኪሎውም ነጂ አንድ ነው። በአየር የሚሠራው በትንሽ ፓምፕ ለነጂው ክብደት ይስተካከላል፤ ለውድድር የሚሠራው ዓይነት 1.4 ኪሎ አካባቢ ነው። ለረጅም ጉዞ 100 ወይም 120 ሚሊ ሜትር የሚለጠጥ ይበቃል። 140 ያለው ሃርድቴይል ለሌላ ሥራ፣ ለጠንካራ ቁልቁለት የተሠራ ነው፤ እሱን አቅልሎ የመቶ ኪሎ ሜትር ብስክሌት ለማድረግ መታገል ድካም ነው።

ማርሽ ላይ ገንዘብ በቀላሉ ይባክናል። የሺማኖ ዲዮሬ ባለ 12 የኋላ ማርሽ 600 ግራም ገደማ፣ የዚያው ኩባንያ ውዱ ኤክስቲአር 370 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዋጋቸው በእጅጉ ይራራቃል፤ ሁለቱም ግን ከ10 እስከ 51 ጥርስ አላቸው፤ ዳገቱ ላይ እግር የሚሰማው ጥርሱን ነው። ከዚህ ይልቅ የፊቱን ማርሽ ከ34 ወደ 30 ጥርስ ማውረድ ብዙም ሳያስወጣ ጉልበት ያድናል።

ፍሬም የመጨረሻው ነው። ካርቦን አንድ ኪሎ ገደማ፣ አሉሚኒየም ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት፣ ብረት ከሁለት ኪሎ በላይ። ካርቦን ድንጋይ ሲመታው ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ብረት ቢሰበር የሚበይደው ሰው ትንሽ ከተማ ውስጥም አይጠፋም። ልኩ ያልተስማማ ፍሬም ደግሞ ከምንም ቢሠራ አራት ሰዓት ላይ እጅ ያደነዝዛል፣ አንገት ያሳምማል።

የማይቀነስባቸውም አሉ፤ የፍሬን ዲስክ፣ የጎማ የጎን ግድግዳ፣ ኮርቻ። በ70 ግራም የሚቀል ቀጭን ጎማ ስለታም ድንጋይ ጎኑን ሲቀደው ፈሳሹ አይደፍነውም።

ለአብዛኛው ነጂ እንግዲህ 12 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን፣ የአየር ሾክና ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ቸርኬ ያለው፣ ውሃ መያዣ የሚታሰርባቸው በቂ ቀዳዳዎች ያሉት የአሉሚኒየም ሃርድቴይል ከዘጠኝ ኪሎው ካርቦን የተሻለ ግዢ ነው። ሱቅ ሲገቡ የተጻፈው ክብደት ፔዳልን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይጨምርም፤ ጥንዱ ፔዳል 350 ግራም ገደማ ይሆናል። ያገለገለ ከሆነ ሾኩ መቼ እንደታጠበና ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ካቴናው ምን ያህል እንደተሳበ ይዩ። በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ደግሞ ጎማውን ይቀይሩ፤ ፍሬሙ ይቆይ።