ባባ ከቢር ድራይቨር ሲገዙ፦ ክንዳቸውን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት

በዑለያ ጎዳና ላይ ቀና ብሎ ላየ ሰው፣ ከአል ፈይሰሊያ ሕንፃ ጫፍ ሥር የተቀመጠችው ትልቅ የመስታወት ኳስ ከሩቅ ትታያለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ቤቶች ደግሞ ሌላ ኳስ አለች፤ ትንሽ፣ ነጭና ጠንካራ። ጓዳ ውስጥ ወይም ከመኪናው የኋላ ሣጥን፣ ዱላ ከታጨቀበት ረጅም ቦርሳ ኪስ ትገኛለች። የቤቱ አባወራ ወይም የማዳም አባት ጎልፍ ተጫዋች ከሆኑ፣ ያን ቦርሳ አቧራውን ጠርገውለት፣ ከቦታ ቦታም አንሥተውት ያውቃሉ።

ጎልፍ በሳዑዲ አዲስ አይደለም። የአራምኮ ሠራተኞች በዳህራን ሣር በሌለበት አሸዋ ላይ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጨዋታው በሰፊው መነገር የጀመረው ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው ትልቅ ዓለም አቀፍ የወንዶች ውድድር በንጉሥ አብደላ የኢኮኖሚ ከተማ ተካሄደ። በ2020 የመጀመሪያው የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር ተከተለ። በየካቲት 2025 ደግሞ እዚሁ ሪያድ ውስጥ፣ በሪያድ ጎልፍ ክለብ፣ ባለሙያዎች በመብራት በሌሊት ተወዳደሩ።

ታዲያ ይህ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ማዳም አንድ ቀን «ለአባቴ ድራይቨር ልገዛለት ነው፣ የትኛው የሚመቸው ይመስልሻል?» ትል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ያ ዕቃ ውድ ነው። የታወቁት ኩባንያዎች አዲስ ሞዴል 600 ዶላር፣ ማለትም ወደ 2250 ሪያል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህ የብዙ እህቶች የሁለት ወር ደመወዝ ነው። ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ከነገር ያድናል።

ድራይቨሩ ሹፌሩ አይደለም

በእኛ ቤት ድራይቨር ሲባል ቀድሞ የሚታየን መኪና የሚነዳው ሰው ነው። በጎልፍ ግን ድራይቨር ማለት ከቦርሳው ውስጥ ካሉት ዱላዎች ረጅሙና ጭንቅላቱ ትልቁ ነው። አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ መያዝ ይችላል፤ ድራይቨሩ ለመጀመሪያውና ለሩቁ ምት ይወጣል።

አገር ቤት የገና ጨዋታ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ልጅ ሆነን ገናውን ስንቆርጥ ቆልማማው ጫፍ ለሩሯ እንዲመች፣ እንጨቱም ለቁመታችን ልክ እንዲሆን እንመርጥ ነበር። የታላቅ ወንድም ዱላ ለታናሹ ይከብደዋል፤ ሲያወዛውዘው ዱላው እሱን ያወዛውዘዋል። የድራይቨር ምርጫ ሥሩ ይኸው ነው፤ ዱላው ለክንዱ ይስማማ።

ዕድሜ ሲገፋ ምን ይለወጣል?

በቴሌቪዥን የምናያቸው ወጣት ባለሙያዎች የዱላቸውን ጭንቅላት በሰዓት ወደ 185 ኪሎ ሜትር ያወዛውዙታል። ስድሳውን ያለፈ ተራ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 145 ባለው ውስጥ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ኳሷ ዝቅ ብላ ትሄድና ቶሎ መሬት ትነካለች። ወገብ እንደ ድሮው አይዞርም፤ ትከሻ ይይዛል፤ ጣት ይደነዝዛል። ሽማግሌው ግን የሠላሳ ዓመት ልማዳቸውን አይተዉም። በወጣትነት የገዙትን ጠንካራ ዱላ ይዘው ጉልበት ሲጨምሩ ጀርባቸው ይቀጣል፤ ማታ ዘይት የሚያሹት እርስዎ ነዎት።

ዕድሜ ጨዋታውን አያስቆምም። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024፣ በ67 ዓመቱ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ ባለሙያዎች በሚካሄደው ውድድር አሸንፏል። አሜሪካዊው ቶም ዋትሰን በ2009፣ በ59 ዓመቱ፣ የብሪታንያን ታላቁን ውድድር ሊወስድ ጥቂት ነበር የቀረው፤ በተጨማሪ ጨዋታ ተሸነፈ። ስለዚህ «አርጅተዋል፣ ይተዉት» የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። ትክክለኛው «የሚስማማዎትን ይያዙ» ነው።

አምስት ነገሮች ይታዩ

አንደኛው ክብደት ነው። አንድ ሙሉ ድራይቨር ወደ 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለአረጋውያን የሚሠሩት ከዚህ ይቀላሉ። የጃፓኑ ዜክሲዮ ቀላል ዱላ በመሥራት የታወቀ ነው፤ ካላዌይ፣ ቴይለርሜድና ፒንግም ቀለል ያለ ዓይነት አላቸው። ጥቂት አሥር ግራም ለእጅ ትንሽ ይመስላል፤ ሰባ ጊዜ ሲወዛወዝ ግን ትከሻ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሁለተኛው የዘንጉ ልስላሴ ነው። ዘንጉ ላይ የላቲን ፊደል ተጽፏል። «ኤስ» ጠንካራ፣ «አር» መካከለኛ፣ «ኤ» ወይም «ኤም» ለአረጋውያን የሚሆን ለስላሳ፣ «ኤል» ከሁሉ ለስላሳ ማለት ነው። «ኤክስ» ለባለሙያ ነው። ዱላቸው በሰዓት ከ137 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄድ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በ«ኤ» ይመቻቸዋል። «ኤል» የሴቶች ተብሎ ቢሸጥም በጣም የደከመ ክንድ ላለው ወንድ ነውር የለውም። በቤት ውስጥ ያለው ዱላ «ኤስ» ከሆነና ባለቤቱ 70 ከሞላቸው፣ የችግሩ ግማሽ ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው የፊቱ መጋደል ነው። ኳሷን የሚመታው ፊት ምን ያህል ወደ ኋላ እንደተጋደለ በቁጥር ይጻፋል፤ 9፣ 10.5፣ 12 ዲግሪ። ቁጥሩ ከዱላው ራስ ታች ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ኳሷ ከፍ ብላ ትነሣለች። ፈጣን ክንድ 9 ይበቃዋል፤ ዘገምተኛ ክንድ ከ10.5 በላይ፣ ብዙ ጊዜም 12 ይሻለዋል። ብዙ ሽማግሌዎች በኩራት «9 ነው የምመታው» ይላሉ። ኳሷ ግን ስለ ኩራት አታውቅም።

አራተኛው ርዝመትና የራሱ መጠን ነው። ሕጉ ከ48 ኢንች፣ ማለትም ከ122 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ አይፈቅድም፤ ሱቅ ያለው ብዙው 45 ወይም 46 ነው። ረጅም ዱላ ሩቅ ይመታል ቢባልም ኳሷን በመሀል መምታት ይከብዳል። አጠር ያለ ለአረጋዊ ይታዘዛል። ራሱ ደግሞ በሕግ ከ460 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ካላዌይ እ.ኤ.አ. በ1991 «ቢግ በርታ» ብሎ ያወጣው ድራይቨር በዘመኑ ትልቅ ተብሎ ተደነቀ፤ ራሱ ግን 190 ብቻ ነበር። ጓዳ ውስጥ ያለው ዱላ ራሱ እንደ ትንሽ ጡጫ ከሆነ፣ ዘመኑ አልፎበታል፤ የዛሬው ትልቅ ራስ ከመሀል ለሳተ ምት ይቅርታ ያደርጋል።

አምስተኛው እጀታው ነው። የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ወፈር ያለ እጀታ አጥብቆ ከመጨበጥ ያሳርፋል። ይህ አዲስ ዱላ መግዛት አይጠይቅም፤ በትንሽ ገንዘብ አሮጌው ዱላ ላይ ይቀየራል።

እርስዎ የሚያውቁት፣ ሻጩ የማያውቀው

ሱቅ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሽማግሌውን ለአሥር ደቂቃ ነው የሚያያቸው። እርስዎ ጠዋት ሲነሡ ያዩዋቸዋል። የትኛው ትከሻ ቶብ ሲለብሱ እንደሚይዛቸው፣ የሻይ ብርጭቆ በአንድ እጅ ይሁን በሁለት እንደሚያነሡ፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቅታቸው እንደሆነ፣ ከመኪና ሲወርዱ ጀርባቸውን ይዘው እንደሆነ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ የድራይቨር ምርጫ ነው። ክዳን የማይከፍት እጅ ወፍራም እጀታ ይፈልጋል፤ ቶብ የሚያስቸግረው ትከሻ ቀላል ዱላ ይፈልጋል።

አነጋገሩ ግን ወግ አለው። በእንግዳ ፊት አይሁን፤ ለሽማግሌው ሳይሆን ለማዳም ብቻዋን ስትሆን ይንገሩ። «ደክመዋል» አይበሉ፤ «ቀላሉ ይመቻቸዋል» ይበሉ። በዓረብኛ ጥቂት ቃል ይበቃል። «ኸፊፍ» ቀላል፣ «ተጊል» ከባድ፣ «ኪትፍ» ትከሻ፣ «ዘህር» ጀርባ ነው። «ላዚም ይጀርሪብ አወል» ማለት «በመጀመሪያ መሞከር አለባቸው» ነው። ከሁሉ ምክር የሚበልጠውም ይህ የመጨረሻው ነው። ስጦታ ተብሎ በድብቅ የተገዛ ድራይቨር ሳይስማማ ቀርቶ ጓዳ ይገባል። የሚመክረው ሰው ባለበት ሜዳ ሄደው ራሳቸው ሁለት ሦስት ዓይነት ቢመቱ ይሻላል።

ማዳም ስለ ዋጋ ከጠየቀችም የሚሉት አለ። የዱላው ፊት ኳሷን የሚያስፈነጥርበት ኃይል በሕግ የተገደበ ነው። ስለዚህ «የዘንድሮው ካለፈው እጅግ ሩቅ ይመታል» የሚለውን ማስታወቂያ በጥርጣሬ ማየት ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ሞዴል በቅናሽ ቢገኝ ለአረጋዊ ይበቃል። ሐሰተኛ ዱላም በዓለም ገበያ ሞልቷል፤ ዋጋው እጅግ የረከሰ፣ ዋስትናና መለያ ቁጥር የሌለው ከሆነ ይተዉት ይበሏት። ሽማግሌው ግራኝ ከሆኑ ደግሞ የግራ ዱላ መሆኑ ይረጋገጥ።

ሲያጸዱት

የድራይቨር ራስ ከላይ ብዙ ጊዜ ካርቦን ነው፤ ይጫራል። ሽቦ፣ ክሎሮክስና ጠንካራ ብሩሽ አይንኩት። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ አብሰው፣ በደረቅ አድርቀው፣ ኮፍያውን ያልብሱት። ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉት። ከራሱ ታች ወይም ከአንገቱ ላይ ያሉ ብሎኖችን አይንኩ፤ የፊቱን መጋደልና ክብደቱን የሚያስተካክሉ ናቸው።

በበጋ ቦርሳው መኪና ውስጥ አይደር። ራሱና ዘንጉ የተያያዙት በማጣበቂያ ነው፤ የሪያድ ሙቀት በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲከማች ማጣበቂያውንም የእጀታውን ጎማም ያዳክማል። ሹፌሩንም ያስታውሱት። ሲረከቡ ጭረት ወይም ስንጥቅ ካዩ ያኔውኑ ለማዳም ያሳዩ፤ ቢቻል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ቢሰበርስ? በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት አሠሪ ለተበላሸ ዕቃ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው ሠራተኛዋ ሆን ብላ ወይም በቸልተኝነት ስታበላሽ ነው፤ የሚቆረጠውም ገደብ አለው። በአሮጌነትና በምት የተሰበረ ዱላ የእርስዎ ዕዳ አይደለም። በንግግር ካልተፈታ የሰው ሀብት ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው።

ለሜዳው ቀን

ከዱላው በፊት ሰውየው ይቀድማሉ። ውኃ፣ ኮፍያ፣ የስኳር ሕመም ካለባቸው ትንሽ ቴምር ከቦርሳው ጎን ይኑር። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱ አይለፍ። በሙቀት ወራት ማለዳ ወይም ማታ ይሻላል። ደረት መጨነቅ፣ ራስ መዞር ወይም እጅ መደንዘዝ ካለ የዚያን ቀን ጨዋታ ይቅር፤ ለልጆቻቸው ወዲያው ይነገር።

ምክር ከተጠየቁ ይህን በወረቀት ጽፈው ለማዳም ይስጡ፦ ዕድሜ፣ የሚያመው ቦታ፣ በየትኛው እጅ እንደሚመቱ፣ አሁን ባለው ዱላ ላይ ያለው ፊደልና ቁጥር። አራት መስመር ነው። ሻጩ ከእነዚህ ተነሥቶ የሚያቀርበው ድራይቨር፣ በዋጋው ወይም በስሙ ከተመረጠው ይልቅ ለባባ ከቢር ክንድ የመስማማት ዕድሉ ሰፊ ነው።